ዋንጫው ከቤት የቀረባቸው ዓመታት

የአፍሪካ ዋንጫ እስከ 2023ቱ የኮትዲቯር ውድድር ድረስ 34 ጊዜ ተካሂዷል። ከእነዚህ ውስጥ ዋንጫው ከአስተናጋጁ አገር ሳይወጣ የቀረው 12 ጊዜ ነው። (ዓ.ም. ተብሎ ካልተጻፈ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ድሉ ግን በዘመናቱ መካከል እኩል አልተከፋፈለም። እስከ 1980 በተደረጉት 12 ውድድሮች ባለሜዳዎች ስድስቱን ወስደዋል፤ ከዚያ ወዲህ በተደረጉት 22 ውድድሮች ደግሞ እንደገና ስድስት ብቻ። ውድድሩ እየሰፋና ተፎካካሪው እየበዛ ሲሄድ የሜዳ ባለቤትነት ብቻውን የሚያስገኘው ጥቅም እየሳሳ መምጣቱን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ኢትዮጵያ ከመጀመሪያዎቹ ስድስት ባለሜዳ አሸናፊዎች አንዷ ናት። ስለዚያ የ1962 ድል በተነሳ ቁጥር ግን አንድ ማቃለያ አይጠፋም፤ አራት ቡድን፣ ሁለት ጨዋታ፣ ያውም በገዛ ሜዳ ይባላል። ቁጥሩ እውነት ነው። ፍርዱ ግን ከእውነት የራቀ ነው ብዬ አምናለሁ። ለምን እንደሆነ ለማየት ከድሉ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ ከካርቱም መነሳት ያስፈልጋል።

በየካቲት 1957 ካርቱም በሚገኘው ግራንድ ሆቴል የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን፣ ካፍ፣ ሲመሠረት አባላቱ አራት ነበሩ፦ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ። በመሥራቾቹ መካከል ከተቀመጡት ሰዎች አንዱ ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው። የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ልጅ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ማሊያ ከሃያ ዓመት በላይ የተጫወቱ፣ ከሜዳ ወደ አመራር የተሻገሩ ሰው ነበሩ። የመጀመሪያው ውድድር በዚያው ሰሞን፣ በዚያው ከተማ ተደረገ። የዘር መድልዎ ሕጓን የሙጥኝ ያለችው ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም አለች፤ ከውድድሩም ተባረረች። በግማሽ ፍፃሜ ከእርሷ ጋር የተደለደለችው ኢትዮጵያ በፎርፌ አለፈች። አንድም ጨዋታ ሳትጫወት ለፍፃሜ ደረሰች ማለት ነው። ግብፅ አስተናጋጇን ሱዳንን 2 ለ 1 ረትታ ጠበቀቻት፤ በፍፃሜውም 4 ለ 0 አሸነፈቻት። አራቱንም ጎሎች ያስቆጠረው አንድ ሰው ነው፤ አድ-ዲባ በሚል ቅጽል ስሙ የሚታወቀው መሐመድ ዲያብ አል-አጣር።

ከሁለት ዓመት በኋላ ካይሮ ላይ ሦስት ቡድኖች ብቻ ተገናኙ። ግብፅ ኢትዮጵያን አሁንም 4 ለ 0 አሸነፈች። ማሕሙድ አል-ጎሃሪ ብቻውን ሦስት አገባ። ሱዳንም 1 ለ 0 ረታችን። ግብፅ ሱዳንን 2 ለ 1 አሸንፋ ዋንጫውን በሕዝቧ ፊት በማንሳት የመጀመሪያዋ ባለሜዳ ሻምፒዮን ሆነች። የኢትዮጵያ ሒሳብ ደግሞ ይህ ነበር፦ ሁለት ውድድር፣ ሦስት ሽንፈት፣ ዘጠኝ የተቆጠረባት ጎል፣ ያስቆጠረችው ግን ምንም። በ1962 አዲስ አበባ ሜዳ የገባው ቡድን በአፍሪካ ዋንጫ ገና አንዲት ጎል እንኳ ያላስቆጠረ ቡድን ነው። ድሉን የሚያቃልል ሰው ይህን ቢያስታውስ መልካም ነው።

ውድድሩ የተደረገው በ1954 ዓ.ም. የጥምቀት ሰሞን ነበር። የመጀመሪያው ግማሽ ፍፃሜ እሑድ ጥር 6፣ ሁለተኛው ከተራ ዕለት ጥር 10፣ የደረጃው ጨዋታ የቃና ዘገሊላ ዕለት ጥር 12፣ ፍፃሜው እሑድ ጥር 13። ከተማዋ ታቦታቱን ወደ ጃንሜዳ እያወረደችና እያስገባች በመሃሉ ወደ ስታዲየሟ፣ ወደ ካምቦሎጆ፣ ትገባ ነበር። እንግዶቹ ሦስት ናቸው፦ ቱኒዝያ፣ ዩጋንዳና የዋንጫው ባለቤት ግብፅ። ግብፅ የመጣችው የተባበረችው ዐረብ ሪፐብሊክ በሚል ስም ነበር፤ ሶርያ ከኅብረቱ ከወጣች ወራት ቢያልፉም ካይሮ ስሙን አልጣለችውም።

አገሪቱም በተረጋጋ ጊዜ ላይ አልነበረችም። የታኅሣሡ 1953 ዓ.ም. የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ከከሸፈ ገና ዓመት ከወር ቢሆነው ነው። በሌላ በኩል አዲስ አበባ የአህጉሩ መሰብሰቢያ ለመሆን እየተዘጋጀች ነበር። የአፍሪካ አዳራሽ ተመርቋል፤ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በከተማዋ ሊመሠረት የቀረው ከዓመት ከመንፈቅ ያነሰ ጊዜ ነው። አዲስ ነፃ የወጡ አገሮች ባንዲራቸውን ከሚያውለበልቡባቸው መድረኮች አንዱ ስታዲየም መሆኑ በዚያ ዘመን ለማንም ግልጽ ነበር።

ቡድኑን የሠሩት ይድነቃቸው ናቸው። የተጫዋቾቹ ስብጥር ዛሬም ሊታይ ይገባዋል። ከአዲስ አበባ የቅዱስ ጊዮርጊሱ አጥቂ መንግሥቱ ወርቁ አለ። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ አስመራ የተወለደ፣ ከጣልያናዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት የተገኘ፣ በድሬዳዋው የጥጥ ፋብሪካ ቡድን ስሙ የገነነ ተጫዋች ነው። ወንድሙ ኢታሎም አብሮት ነው። በረኛው ጊላሚካኤል ተክለማርያም ይባላል። ኤርትራ በዚያን ጊዜ በፌዴሬሽን ከኢትዮጵያ ጋር ነበረች፤ ፌዴሬሽኑ የፈረሰው በ1962 ኅዳር ላይ ነው። ስለዚህ የ1954 ዓ.ም.ን ድል ስናነሳ የአስመራን ድርሻ ሳንጠቅስ ማለፍ ታሪኩን መቁረጥ ነው። ያ ዋንጫ የአዲስ አበባም፣ የአስመራም፣ የድሬዳዋም ልጆች ላብ አለበት።

በግማሽ ፍፃሜው ቱኒዝያ ቀድማ መራች። በገዛ ሜዳው፣ በገዛ ሕዝቡ ፊት የሚመራ ቡድን እግሩ ይተሳሰራል፤ ደጋፊው ዝም ሲል የሜዳ ባለቤትነት ሸክም ይሆናል። ያ ቡድን ግን ተነሳ። 4 ለ 2 አሸነፈ። በሌላው ወገን ግብፅ ዩጋንዳን 2 ለ 1 አልፋ መጣች። በሁለት ውድድር ውስጥ ስምንት ጎል ያስቆጠረችብን አገር ለሦስተኛ ጊዜ ፊት ለፊት ቆመች።

የፍፃሜው ጨዋታ ሲተረክ ብዙ ጊዜ ውጤቱ ብቻ ይነገራል። ደቂቃዎቹን መከተል ግን ቡድኑ ምን ዓይነት እንደነበር ያሳያል። በ35ኛው ደቂቃ ባዳዊ አብደልፈታህ ለግብፅ አስቆጠረ። ሻምፒዮኖቹ ያንን አንድ ጎል ይዘው ከዕረፍት በኋላም ብዙ ቆዩ። በ74ኛው ደቂቃ ኢትዮጵያ አቻ ሆነች። ደስታው አንድ ደቂቃ እንኳ በቅጡ አልቆየም፤ በ75ኛው ያው ባዳዊ ደገመ። አሥራ አምስት ደቂቃ ቀርቶ፣ ከአቻነት ማግሥት ወዲያው መልሶ መመራት ብዙ ቡድን የሚሰበርበት ቅጽበት ነው። በ84ኛው ደቂቃ አምበሉ ሉቺያኖ እንደገና አቻ አደረገ። ጨዋታው ወደ ጭማሪ ሰዓት ሄደ። ኢታሎ በ101ኛው ደቂቃ ቡድኑን ለመጀመሪያ ጊዜ መሪ አደረገው። መንግሥቱ ወርቁ ሊጠናቀቅ ሦስት ደቂቃ ሲቀረው አራተኛውን አስገባ። 4 ለ 2። ካርቱም ላይ አራት፣ ካይሮ ላይ አራት የገባባት አገር፣ አዲስ አበባ ላይ አራት መለሰች።

ዋንጫውን ለሉቺያኖ ያስረከቡት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። መንግሥቱ ወርቁና ባዳዊ በሦስት በሦስት ጎል የውድድሩን ከፍተኛ ጎል አግቢነት ተጋሩ።

ይህ ቡድን ሜዳው ስለደገፈው ብቻ ያሸነፈ አይደለም። በሁለት ጨዋታ ሦስት ጊዜ ተመርቶ ሦስቱንም ጊዜ ተመልሷል። የሌሎችን ባለሜዳ አሸናፊዎች ታሪክ ስመረምርም ደግሞ ደጋግሞ የሚታየኝ ይኸው ነው። በገዛ አገሩ ዋንጫ ያነሳ ቡድን ሁሉ ጠንካራ አልነበረም፤ ብዙዎቹ ግን በሕዝባቸው ፊት ወድቀው የተነሱ ናቸው።

ሜዳ ብቻውን ዋንጫ እንደማይሰጥ የምታስረዳውም ራሷ ኢትዮጵያ ናት። በ1968 ውድድሩ ተመልሶ ሲመጣ ስምንት ቡድኖች ተሳተፉ፤ አስመራም ከአዲስ አበባ ጋር አስተናገደች። ብሔራዊ ቡድናችን ምድቡን በመሪነት ቢያልፍም በግማሽ ፍፃሜ ኮንጎ ኪንሻሳ በጭማሪ ሰዓት 3 ለ 2 አስወጣችው። በደረጃው ጨዋታም በኮትዲቯር 1 ለ 0 ተሸነፈ። ፍፃሜው የዋለው ጃንዋሪ 21 ነው፤ ልክ ከስድስት ዓመት በፊት ኢትዮጵያ ዋንጫውን ባነሳችበት ቀን። ኮንጎ ጋናን 1 ለ 0 ስትረታ ጨዋታውን የመሩት ዳኛ ደግሞ በ1957 አራት ጎል ያገባብን አድ-ዲባ ነበር። በ1976 ለሦስተኛ ጊዜ ስናስተናግድ፣ አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ፣ ከምድብ እንኳ አላለፍንም። ሞሮኮ ዋንጫዋን ከዚህ ይዛ ሄደች። ሦስት ጊዜ አስተናግዶ አንድ ጊዜ ማሸነፍ፣ ያችን አንድ ጊዜ ልዩ ያደረጋት ሣሩ ሳይሆን በሣሩ ላይ የቆመው ቡድን መሆኑን ይናገራል።

ጋና ሌላ መንገድ ነበራት። በ1963 ኅዳር ላይ አክራ ስታስተናግድ ክዋሜ ንክሩማህ ብላክ ስታርስን የነፃነት መልእክተኛ አድርገው ያዩ ነበር፤ ቡድኑም በአሠልጣኙ በሲ.ኬ. ጃምፊ መሪነት ሱዳንን 3 ለ 0 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። ሻምፒዮኗ ኢትዮጵያ አራተኛ ወጣች። ጋና በ1965 ቱኒስ ላይ ባለሜዳዋን በጭማሪ ሰዓት 3 ለ 2 ረትታ ስትደግመው፣ የመጀመሪያው ድል የሜዳ ውለታ እንዳልነበረ አስመሰከረች። ኢትዮጵያ ያልቻለችው ይህን ነው፤ በውጭ አገር ማረጋገጫ ማምጣት። ሱዳንም እንዲሁ። በ1970 ካርቱም ላይ ጋናን 1 ለ 0 አሸንፋ ያነሳችው ዋንጫ እስካሁን ብቸኛዋ ነው። ለእኛ ያ ውድድር የሚታወሰው በሌላ ምክንያት ነው፤ የኮትዲቯሩ ሎራን ፖኩ ብቻውን አምስት አግብቶ 6 ለ 1 የተሸነፍንበት ነው። ከዋንጫው ስምንት ዓመት በኋላ የደረስንበት ይህ ነበር።

ከዚያ ለስምንት ዓመት ባለሜዳ አላሸነፈም። በ1978 ጋና አክራ ላይ ዩጋንዳን 2 ለ 0 ረትታ ለሦስተኛ ጊዜ ሻምፒዮን ስትሆን፣ በመጀመሪያው የካፍ ፕሬዚዳንት ስም የተሰየመውን የአብደል አዚዝ ሳሌም ዋንጫ ለሁልጊዜው ወሰደችው። የኢትዮጵያ ስም ያለበት ዋንጫ ያ ነው። በ1980 ናይጄሪያ ሌጎስ ላይ አልጄሪያን 3 ለ 0 አሸንፋ አዲሱን ዋንጫ ጀመረችው፤ ሴጉን ኦደግባሚ ሁለቱን አስቆጠረ። በ1986 ግብፅ የመክፈቻውን ጨዋታ በሴኔጋል ተሸንፋ ብትጀምርም ካሜሩንን በመለያ ምት ረትታ ጨረሰች። በ1990 አልጄሪያ ናይጄሪያን በመክፈቻው 5 ለ 1፣ በፍፃሜው በሸሪፍ ኡጃኒ ጎል 1 ለ 0 አሸነፈች።

ከእነዚያ ዓመታት በአብዛኛዎቹ ውድድሩን ከላይ ሆነው የመሩት ይድነቃቸው ነበሩ፤ ከ1972 ጀምሮ እስከ ሞታቸው የካፍ ፕሬዚዳንት ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ አፓርታይድን ሳትጥል ወደ ዓለም እግር ኳስ እንዳትመለስ በየስብሰባው የታገሉ ሰው ናቸው፤ በካርቱም የጀመረውን እገዳ እስከ መጨረሻው ጠብቀውታል። በነሐሴ 1979 ዓ.ም. አረፉ። ከአራት ወር በኋላ፣ በታኅሣሥ 1980 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካን የሴካፋ ዋንጫ አስተናገደች፤ ኢትዮጵያም ዚምባብዌን በመለያ ምት ረትታ አሸነፈች። ከስፖርት ጋዜጠኛው ከደምሴ ዳምጤ ድምፅ ጋር በሬዲዮ የተከታተለው ትውልድ ያንን ምሽት እስከ ዛሬ ያወራዋል። ከአፍሪካ ዋንጫ ጋር የሚወዳደር መድረክ አይደለም። ነገር ግን ከ1962 በኋላ ለተወለደ ኢትዮጵያዊ ዋንጫ በገዛ ስታዲየም ሲነሳ ማየት ማለት ያ ነበር።

ይድነቃቸው ያላዩት ድል በ1996 መጣ። አስተናጋጅ እንድትሆን የታጨችው ኬንያ ዝግጅቱን ማሟላት ሳትችል ስትቀር ዕድሉ ለደቡብ አፍሪካ ተሰጠ። በ1957 ከኢትዮጵያ ጋር ልትጫወት ተደልድላ በራሷ ሕግ ምክንያት የተባረረችው አገር፣ ከ39 ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በአፍሪካ ዋንጫ ሜዳ ገባች፤ ያውም ባለቤት ሆና። የናይጄሪያው ወታደራዊ መንግሥት የመብት ተሟጋቹን ኬን ሳሮ-ዊዋንና ጓደኞቹን በመግደሉ ኔልሰን ማንዴላ በይፋ አውግዘውት ነበርና ሻምፒዮኗ ናይጄሪያ ቀረች። ውድድሩ በ15 ቡድን ተካሄደ። በክላይቭ ባርከር የሠለጠነው ባፋና ባፋና ለፍፃሜ ደርሶ ጆሃንስበርግ ላይ ቱኒዝያን ገጠመ። ተቀይሮ የገባው ማርክ ዊሊያምስ ሁለት ጎል አስቆጥሮ 2 ለ 0 አለቀ። አምበሉ ኒል ቶቪ ነጭ ነው፤ ቡድኑ የተቀላቀለ ነው፤ ማንዴላ ማሊያውን ለብሰው ቆመዋል። በካርቱም አልልክም የተባለው ቡድን ማለት ይኸው ነበር። በአፍሪካ ዋንጫ ታሪክ ከ1962ቱ ቀጥሎ ልቤን የሚነካው ድል ይህ ነው፤ የመጀመሪያው መሥራች ትውልድ ትክክል እንደነበረ ያረጋገጠ ድል ስለሆነ።

በ2000 ናይጄሪያ ከጋና ጋር አብራ አስተናግዳ ሌጎስ ላይ በፍፃሜው በካሜሩን በመለያ ምት ተሸነፈች። የቪክቶር ኢክፔባ ምት አግዳሚውን ነክቶ ሲወርድ መስመሩን አልፏል አላለፈም የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አላበቃም። ቱኒዝያ በ2004 ራደስ ላይ ሞሮኮን 2 ለ 1 አሸንፋ ለረጅም ጊዜ የጠበቀችውን የመጀመሪያ ዋንጫዋን አገኘች።

የ2006ቱ የግብፅ ድል ከሁሉም ይልቅ በአሠልጣኝ ድፍረት የተገኘ ነው። በግማሽ ፍፃሜ ከሴኔጋል ጋር ውጤቱ አቻ በነበረበት ሰዓት ሐሰን ሸሐታ ታዋቂውን አጥቂ ሚዶን አስወጡ። ሚዶ በመቶ ሺህ ዓይን ፊት ከአሠልጣኙ ጋር ተጯጯኸ። በምትኩ የገባው አምር ዛኪ ወዲያው አስቆጠረ። ሕዝቡ ከኮከቡ ጎን ቆሞ ቢሆን ኖሮ ሜዳው በአሠልጣኙ ላይ ይዞር ነበር፤ በዚያች ጎል ግን ክርክሩ አበቃ። ካይሮ ላይ ኮትዲቯርን በመለያ ምት ሲረቱ በረኛው ኤሳም አል-ሐዳሪ ሁለት ምት አዳነ፣ መሐመድ አቡትሪካ የመጨረሻውን አገባ። ይኸው ቡድን በ2008 ጋና፣ በ2010 አንጎላ ድረስ ሄዶ ደገመው።

ከ2006ቱ ድል በኋላ ግን ለ18 ዓመት ባለሜዳ ዋንጫ አላነሳም። ጋና፣ አንጎላ፣ ጋቦን፣ ኢኳቶሪያል ጊኒ፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ራሷ ግብፅ፣ ካሜሩን ሞክረው አልቻሉም። ተሳታፊው ከ2019 ጀምሮ 24 ደርሷል፤ ከምድብ እስከ ፍፃሜ ሰባት ጨዋታ ነው። ተጫዋቾቹ በአብዛኛው በአውሮፓ ሊጎች ስለሚኖሩ እንግዳም ባለሜዳም ከአንድ አየር ማረፊያ ነው የሚመጡት። የባለሜዳ ዘመን አበቃ የሚሉ ብዙ ነበሩ።

በጃንዋሪ 2024 ኮትዲቯር ያንን ግምት የምታጸና መሰለች። በናይጄሪያ 1 ለ 0፣ ከዚያ አቢጃን ላይ በኢኳቶሪያል ጊኒ 4 ለ 0 ተሸነፈች። ለባለሜዳ እንዲህ ያለ ውርደት ያልተለመደ ነው። ፈረንሳዊው አሠልጣኝ ዣን-ሉዊ ጋሴ ተሰናበቱ፤ ረዳታቸው ኤመርስ ፋዬ ዋና ሆኖ እንደማያውቅ እየታወቀ ቡድኑን ተረከበ። ማለፍ አለማለፋቸው በሌላ ሰው እጅ ነበር። ሞሮኮ ዛምቢያን ስላሸነፈች ብቻ ከሦስተኛ ደረጃ ቡድኖች የመጨረሻው ሆነው አለፉ። ከዚያ ሻምፒዮኗን ሴኔጋልን በመለያ ምት አስወጡ። ማሊን በአሥር ሰው ተጫውተው በጭማሪው ሰዓት ማብቂያ ላይ 2 ለ 1 ረቱ። በግማሽ ፍፃሜ ኮንጎ ዲሞክራቲክን ያሸነፉት በሴባስቲያን ሃለር ጎል ነው። በፍፃሜው ናይጄሪያ ቀድማ አስቆጠረች፤ ፍራንክ ኬሲዬ አቻ አደረገ፤ በ81ኛው ደቂቃ ሃለር አሸናፊዋን ነካ አደረጋት። ሃለር ከካንሰር ሕክምና ተመልሶ ኳስ የጀመረ ገና ዓመት የሞላው ሰው ነበር።

ይህ ታሪክ ለእኛ እንግዳ ሊሆን አይገባም። አራት ጎል ቀምሶ መነሳትን፣ በፍፃሜ ተመርቶ መመለስን አዲስ አበባ በ1954 ዓ.ም. አይታዋለች። ልዩነቱ ኮትዲቯሮች የነበራቸው ነው፤ በየክልሉ የተሠሩ ስታዲየሞች፣ ለአሥርት ዓመታት ልጆችን ሲያፈሩ የኖሩ የእግር ኳስ ማሠልጠኛዎች። የእኛ ቡድን ከ1982 በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ለመመለስ 31 ዓመት ፈጅቶበታል። በሰውነት ቢሻው እየተመራ በ2013 የተመለሰውም ደቡብ አፍሪካ ላይ ነው። በ2022 መጀመሪያ ካሜሩን ላይ በውበቱ አባተ ሥር አንድ ጊዜ ታየ።

ከ1962ቱ ጀግኖች ሉቺያኖ ቫሳሎ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በጣልያን በስደት ኖሮ በመስከረም 2022 ሮም ውስጥ አረፈ። መንግሥቱ ወርቁ በታኅሣሥ 2003 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ተለይቷል። ስማቸው በሚገባው ቦታ ሁሉ አለመጻፉ ያሳዝነኛል። ከዚያ በላይ የሚያሳዝነኝ ግን ሌላ ነው። በ2021 ካፍ ደረጃቸውን ያላሟሉ በማለት የአዲስ አበባንም የባሕር ዳርንም ስታዲየሞች ስለከለከለ፣ ብሔራዊ ቡድኑ የሜዳውን ጨዋታዎች ለዓመታት በማላዊ፣ በሞዛምቢክ፣ በሞሮኮ ሲያደርግ ቆይቷል። አንድ ኢትዮጵያዊ ታዳጊ ዋልያዎቹ በአገራቸው ሲጫወቱ ሳያይ ያደገበት ጊዜ ነው። መንግሥት የ2029ን የአፍሪካ ዋንጫ የማስተናገድ ፍላጎቱን አሳውቆ ነበር፤ ከ60 ሺህ በላይ ተመልካች እንዲይዝ የታቀደው የአደይ አበባ ስታዲየም ግንባታም ለዓመታት ሲጓተት ቆይቷል። እንዲህ ያለ ጥያቄ ተቀባይነት ቢያገኝ፣ አዲስ አበባ የአፍሪካ ዋንጫን ከ1976 በኋላ መልሳ ታያለች።